ድምፁ አልበቃ ያለው ሳጥን

ሮቤ፣ ቅዳሜ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017

ይህን ደብተር የከፈትኩት በአምፕሊፋየር ጉዳይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት መዝገብ ቤት ለሠራ ሰው ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ነው።

ነገሩ ይህ ነው። ከገና በኋላ የሠርግ ወራት ይገባል። እኔ ደግሞ የረጋሳ ባንድ ጊታሪስት ነኝ። ቢሮ የምገባው ለእንጀራ ነው፤ ሰው የምሆነው ቅዳሜና እሁድ ድንኳን ውስጥ ነው። ከጀርባዬ የሚቆመው አምፕሊፋየር ግን ዘንድሮ ከዳኝ። አልተቃጠለም፤ ይበራል። ዛሬ ልምምድ ላይ ቮልዩሙን ሰባት ላይ አድርጌው እንኳ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ የሚጫወት ይመስላል።

ዘፋኛችን ለሊሴ «ጋሼ፣ በናትህ ትንሽ ቀንስልኝ» አለችኝ። ዘፋኝ የሚጥመው የራሱ ድምፅ ብቻ ነው። ስምንት ላይ አደረግኩት።

እሁድ ታኅሣሥ 6

ረጋሳ ኪቦርድ ተጫዋቹ ነው። ሚክሰሩም ትልልቆቹ ስፒከሮችም የእሱ ስለሆኑ የባንዱ አለቃም እሱው ነው። ዛሬ እንዲህ አለኝ፦ «ዘውገ፣ ሳጥኑን ለምን አትተወውም? ጊታሩን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ እንሰካው። ከሁላችንም ጋር እኩል አድርጌ እመጥንልሃለሁ።»

እመጥንልሃለሁ! እንደ ጨው። ሚክሰር ላይ የተሰካ ጊታር ማለት ረጋሳ በአንድ ጣቱ የሚያጠፋው ጊታር ነው። የራሱ አምፕሊፋየር ከጀርባው የቆመለት ጊታሪስት ግን በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ነው፤ ማንም ተነስ አይለውም።

ይባስ ብሎ ዳግማዊ የሚባል ጎረምሳ ይዞ መጥቷል። በቅርቡ ከአዳማ የመጣ ነው። «ሊያየን ነው የመጣው» አለ ረጋሳ። ሊያይ የመጣ ሰው ጊታር ይዞ አይመጣም። አምፕሊፋየር የሚባል ነገር የለውም፤ ጡብ የምታህል ፔዳል አለችው፣ እሷን ሚክሰሩ ላይ ይሰካል፣ አለቀ።

አብረን እየተጫወትን ሳለ ረጋሳ ድንገት ሁለት እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። እኔም ወዲያው አቆምኩ። ጎረምሳው ቀጠለ። ለካ አዛን ነው። ገሠጽኩት፦ «ስማ፣ ያለኸው ባሌ ነው። ሠርጉ የክርስቲያን ይሁን የሙስሊም፣ አዛን ሲባል ጊታር ዝም ይላል። ማንም አያዝህም፤ እጅህ ራሱ ማቆም አለበት።»

«ይቅርታ ጋሽ ዘውገ፣ ደንቡን አላወቅኩም ነበር» አለ።

ገና ነው፣ ይማራል። ረጋሳ ግን ልጁን ትቶ እኔን ለምን ትክ ብሎ እንዳየኝ አልገባኝም።

ማክሰኞ ታኅሣሥ 15፣ ቢሮ

በጥድፊያ። አሮጌውን ለማስጠገን ሰጠሁ፤ ጠጋኙ «ምንም የለበትም» ብሎ መለሰው። ሙያ የለውም። ሚክሰር ላይ መሰካት፣ አይታሰብም። ጎባ ወዚር ሱቅ አንድ ትልቅ ገብቷል አሉ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ከሚላ፣ ከፊት ለፊቴ ያለችው ጸሐፊ፣ ለጎረቤቷ «ጋሽ ዘውገ ኮርተዋል፤ ሰላም ስንላቸው አይመልሱም» ስትል አየኋት። መቼ ሰላም እንዳሉኝ ቢነግሩኝ ጥሩ ነበር። ስልኬም ተበላሽቷል። የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል።

ሐሙስ ታኅሣሥ 17

ዘንድሮ የመጡት ኮምባይነሮች ሞተራቸው ግሩም ነው! በአጋርፋ መውጫ መንገድ ስሻገር አንዱ ኮሽ ሳይል ከኋላዬ ደርሶ ሊጨፈልቀኝ ነበር። ሹፌሩ ወርዶ ሰደበኝ። ሦስቴ ጡሩንባ ነፍቻለሁ ይላል። ሰው ቢዋሽ ቢዋሽ እንዴት ያን የሚያህል የስንዴ ማጨጃ ላይ ተቀምጦ ይዋሻል?

ቅዳሜ ታኅሣሥ 19፣ ማታ

ጠዋት ስወጣ ሠርከአዲስ «ጎባ ከሄድክ አይቀር ሆስፒታሉም ጎራ በል፤ ከመስከረም ጀምሮ እየለመንኩህ ነው» አለችኝ። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ሰው ሁሉ ተማሪዋ ይመስላታል። ከእኔ ጋር ስታወራ ፊት ለፊቴ መጥታ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ አፏን ከፍታ ነው። እሺ አልኳት። ሆስፒታል የሚሄደው የታመመ ሰው ነው።

ወዚር ሱቅ ሁለት አምፕሊፋየር ነበር። አንዷ ቁመቷ ከጉልበት የማይበልጥ። ሌላው ከአንድ ከተበተነ የሆቴል ባንድ የመጣ፣ ወገብ የሚደርስ፣ አራት ስፒከር ያለው፣ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች የተደረደሩበት ግዙፍ ሳጥን። ወዚር ትንሿን አቀረበልኝ።

«ጋሽ ዘውገ፣ ለድንኳን ይቺ ትበቃሃለች። ከጀርባዋ ገመድ ታወጣና ሚክሰሩ ላይ ትሰካለህ። ሰው በትልቁ ስፒከር ይሰማሃል፤ አንተ ደግሞ በዚች ራስህን ትሰማለህ።»

ሞከርኳት። ራሴን አልሰማሁም። ትልቁን ሰካሁና እስኪሞቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ጊታሩን አንድ ጊዜ ብመታው ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። ስንት ዘመን የናፈቀኝ ድምፅ! ጠፍተው የነበሩት ቀጫጭን ክሮች እንኳ ተመልሰው መጡ፤ ሁሉም አይደሉም፣ ግን መጡ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እውነቱን ልጻፍ።

ቀና ስል ወዚር የለም። ከአስፋልቱ ማዶ ቆሟል፤ ሁለት እጁን ጆሮው ላይ አድርጓል። ድምፁ ከሩቅ እንዴት እንደሚሰማ እየለካ ነው። ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ግን «ይሄ ለስታዲየም እንጂ ለሠርግ አይሆንም። አልሸጥልህም» አለኝ። ነጋዴ ትልቁን ዕቃ አልሸጥም ሲል ዛሬ ገና አየሁ። ለሌላ ሰው ቢደብቀው ነው። ስለዚህ የበለጠ ፈለግኩት። እስከ ምሳ ሰዓት ለምኜው፣ እያዘነ ሰጠኝ።

ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሮቤ ገባ። ሆስፒታሉ ጋ ሚኒባሱ አልቆመም። እኔም አላስቆምኩትም።

እሁድ ጥር 4

የመጀመሪያው ሠርግ፣ እዚሁ ሮቤ። ገና አንድ ዘፈን ሳንጨርስ ከሳጥኑ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ የነበሩ እንግዶች ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። ቦታ ለቀቁልኝ። እንዲህ ያለ አክብሮት ዱሮ አልነበረም።

ለሊሴ አዲስ ፀባይ አምጥታለች። ለሕዝቡ መዝፈን ትታ፣ ግጥሙ ሊቀየር ሲል ወደ እኔ ዞራ አፏን እያሳየች ትዘፍናለች። ረጋሳም ዘፈን ሊያልቅ ሲል እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ሃያ ዓመት አብሮኝ ሠርቶ የዘፈን መጨረሻ ሊያስተምረኝ! አልፈልገውም። ግን አየዋለሁ።

እሁድ ጥር 11፣ ጥምቀት

ታቦታቱን ተከትለን ወጣን። ሕዝቡ እንደ ወትሮው ብዙ ነው፤ ዝማሬው ግን ቀዝቅዟል። ወጣቱ አፉን ብቻ ነው የሚከፍተው። ለሠርከአዲስ ይህን ስነግራት እጄን ያዘችኝ።

ሐሙስ ጥር 15

ዛሬ የጨለመ ነገር ሰማሁ፤ በደንብ ነው የሰማሁት፣ ረጋሳ በግራዬ በኩል ነበር የቆመው።

«ዘውገ፣ ወንድሜ፣ አልዋሽህም። ደጋሾች እየደወሉ ‹ያ ሳጥን ከቀረ ኑ› እያሉኝ ነው። የእሁዱን ሠርግ እንየው። ካልሆነ የቀሩትን ዳግማዊ ይጫወታቸው።»

«ካልሆነ ማለት ምን ማለት ነው?»

«አንተም ታውቃለህ» አለኝ።

አላውቅም። የማውቀው ዳግማዊ አጥር ዘሎ ሊገባ መሆኑን ነው። ሲመሽ ብቻዬን ግቢ ውስጥ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ጊታሩ ከተወሰደብኝ የሚቀረኝ መዝገብ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ኮርቷል ይሉኛል። እሁድ ከሕይወቴ ሁሉ የበለጠ መጫወት አለብኝ። ሳጥኑ ይመጣል፤ ወይ እኔና ሳጥኑ አብረን እንጫወታለን፣ ወይ ማናችንም።

እሁድ ጥር 18፣ ማታ ሦስት ሰዓት

አደረግኩት! በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የሙሽራው ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ግቢያቸው ስላልበቃ ድንኳኑን የጣሉት ጎረቤታቸው ሐጂ ሳላሕዲን አጥራቸውን አፍርሰው በለቀቁላቸው ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላው መካከለኛ ነበር። ረጋሳ እየመጣ ቮልዩሜን ይቀንሳል፤ ሲሄድ እመልሰዋለሁ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል የእኔ ተራ ደረሰ፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ጊታር ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ። አሥር ላይ አደረግኩት። ድምፁን በደንብ ለመያዝ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ ቀኝ ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ አስጠጋሁ፣ ዓይኔንም ጨፈንኩ።

ያኔ ነው ነገሩ የሆነው። አንድ ጊዜ በትከሻዬ ዘወር ስል ድንኳኑ በሙሉ ጸጥ ብሏል። የሚጨፍር የለም፣ የሚበላ የለም። ሁሉም ቆመው እኔን ብቻ ያያሉ። ረጋሳ እንኳ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ እንደ ሐውልት ደርቋል። በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሰው ምግቡን ትቶ ጊታር ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ተመልሼ ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዲያ ተጫውቼ አላውቅም፤ መቼም አልጫወትም።

በጣም ጣፋጩ ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ ጠፋ። ጠላት ቢፈልግም ከዚያ የተሻለ ሰዓት አያገኝም። የሚገርመው የድንኳኑ አምፖሎች ይበሩ ነበር። የእኔ ሶኬት ብቻ መሆን አለበት።

ከዚያ በኋላ ማንም አላናገረኝም። ሰው ከልቡ ሲነካ ቃል ያጣል።

ሰኞ ጥር 19

ረጋሳ አልደወለም። ገበያው ጋ ከሩቅ አየኝና በሌላ በኩል ዞረ። ምቀኝነት ይሆን? ሠርከአዲስ ምሳ ላይ ብዙ አወራች። እሺ አልኳት። ማታም አወራች።

ማክሰኞ ጥር 20

ዘውገ፣ ደብተርህን ስለነካሁ ይቅርታ። ከእሁድ ጀምሮ ሦስት ጊዜ በቃሌ ነገርኩህ፤ ሦስቴም «እሺ» አልከኝ። ስለዚህ ልጻፍልህ። ሰው ዝም ያለው የመግሪብ አዛን ስለሆነ ነው። ረጋሳም ለሊሴም አቁመው ነበር። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ቀጠልክ። ለሊሴ ጠራችህ። እኔም ከእንግዶቹ መሃል ሆኜ ጠራሁህ። ገመዱን የነቀለው ረጋሳ ነው። ሰዉ ጥጋብ መስሎታል። እኔ ግን አንተን አውቅሃለሁ፤ አልሰማህም። ሠርኬ

ማክሰኞ፣ ዘግይቶ

ከላይ ያለው የእኔ ጽሑፍ አይደለም። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።

ሐጂ ሳላሕዲን አጥራቸውን ነው ያፈረሱልን። እኔ ደግሞ በሳቸው ግቢ፣ በመስጊዳቸው ደጃፍ፣ በአዛናቸው ላይ። ያን ጎረምሳ «እጅህ ራሱ ማቆም አለበት» ያልኩት እኔ ነኝ። እሁድ ማታ የጻፍኩትን ገጽ ልቀድደው ነበር። ተውኩት። መዝገብ አይቀደድም።

አፈርኩ። ሌላ ምን ልበል።

ዓርብ ጥር 23

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ሳላሕዲን ዘንድ ሄድኩ። ሠርከአዲስ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ ብላኝ ነበር፤ በሽማግሌ ጀርባ መደበቅ አልፈለግኩም። እስከ በራቸው ሸኘችኝ።

«አከም ጅርታ፣ ዘውገ» ብለው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝና አስቀመጡኝ። ከዚያ ተነስተው ወደ ሌላኛው ጎኔ፣ ወደ ግራዬ ዞረው ተቀመጡ።

«ሐጂ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ወጣቶቹ ያን ቀን ተነስተውብህ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ‹ይሄ ሰው በዚህ ሰፈር ሃያ ዓመት ሠርግ ሲጫወት አንድም ቀን አዛን ላይ ክር ነክቶ አያውቅም። ዛሬ ከነካ አልሰማም ማለት ነው› አልኳቸው። ወላሂ፣ የሰማ ሰው እንዲያ አይጫወትም።»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ቀጠሉ።

«ታላቅ ወንድሜ፣ አላህ ይዘንለት፣ ወፍጮ ቤት ነበረው። ሠላሳ ዓመት ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ጆሮው አለቀ። በስተመጨረሻ አዛን መባሉን የሚያውቀው እኛ ስንነሳ አይቶ ነበር። እንዳይታወቅበት ደግሞ ከሁላችን ቀድሞ መነሳት ጀመረ። አንዳንዴ ሰዓቱ ሳይደርስ!» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«የቱ ነው የደከመው?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሁሉ ለምን አትሰማም ነው የሚለኝ። የቱ ነው ያለኝ ሰው የለም።

«ቀኙ፣ ሐጂ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«አራተኛ ዓመቱ ነው» አልኩ። ይህን ለራሴም ነግሬው አላውቅም።

«አፉ ብያለሁ» አሉኝ። «ወጣቶቹንም እኔ እነግራቸዋለሁ። ለባንድህ የምትነግረው ግን አንተው ነህ።»

ረቡዕ ጥር 28፣ ጎባ፣ ከሆስፒታሉ ስመለስ

ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝ። ባለሙያዋ «ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሱ» አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ማሽኑ አልተነሳ ይሆናል ብዬ በትዕግሥት ጠበቅኩ። ከዚያ በግራዬ ይመጣ ጀመር፤ እጄን አነሳሁ፣ አነሳሁ። ሲያልቅ «ቀኙስ መቼ ነው?» አልኳት።

«ቀኙን አስቀድመን ጨርሰናል» አለችኝ።

ቀኙ አይመለስም አሉ። ግራው ከተጠነቀቅኩለት ይቆያል። ከትልቅ ሳጥን አጠገብ መቆም ክልክል ነው። በወረቀት ሰጡኝ፣ ማኅተም ያለው። ሠርከአዲስ ሚኒባሱ ውስጥ በግራዬ ተቀመጠች። ለካ ሁልጊዜ በግራዬ ነበር የምትቀመጠው።

ረቡዕ የካቲት 5

ወረቀቱን ለሳምንት ያህል በኪሴ ይዤው ዞርኩ። እሁድ ጎባ ሠርግ አለ፤ ከጾም በፊት የመጨረሻው። ማን እንደሚጫወት አልተነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ ግን ረጋሳን መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁትና ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

«አልሰማም ነበር፣ ረጋሳ። አምፕሊፋየሩ ምንም አልሆነም፤ አሮጌውም ቢሆን። እኔ ነኝ።»

ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ይናገር ጀመር። በዚያው ቅጽበት አንድ ስንዴ የጫነ አይሱዙ ከጎናችን ሞተሩን አስነሳ። የሚኒባስ ረዳቶች ጎባ ጎባ እያሉ ይጮሃሉ። የረጋሳ ከንፈር ሲንቀሳቀስ በጎን አያለሁ፤ ቃሉ አልደረሰኝም። ረጅም ነገር ተናገረና ዝም አለ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

ገባኝ፤ የኔ ጉዳይ ተወስኗል፣ እኔም አልሰማሁትም። ራሴ እንደ ልማዱ መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። አፌም «እሺ» ሊል ነው። እሺ ብዬ ብሄድ ቤት ገብቼ ፊቱን እያስታወስኩ መገመት እችል ነበር፤ አራት ዓመት የኖርኩት እንደዚያ ነው።

ራሴን አቆምኩት።

«ረጋሳ፣ አልሰማሁህም። ድገመው።»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ እንጃ፣ እሱም ዓይኑ ቀልቷል። አይሱዙው እስኪሄድ አልጠበቀም። ዞሮ በግራዬ መጣና ትከሻዬን ይዞ ጆሮዬ ሥር ተናገረ፦

«እሁድ ስምንት ሰዓት፣ ጎባ ነው ያልኩህ። ሳጥኑን ተወው፣ አንተ ና። ፊትህንም ወደ ሰው አዙር።»

«ስንት ሰዓት?» አልኩት።

ሰምቼው ነበር። ድጋሚ ሲለው ልስማው ብዬ ነው።